የቲጃኒ እግር ለምን እንደተንቀሳቀሰ

ጅማ፣ ጅሬን
ታኅሣሥ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣
ሸቤ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

አዮ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ባለፈው ለጎረቤት አከፋፍለሽ ጨረስሽው? ሳሉስ ለቀቀሽ? ላሚቱ ወለደች? የጓሮው ቡና ተለቅሞ አለቀ ወይስ ዝናቡ ቀደመሽ? እኔን ከጠየቅሽኝ አልሐምዱሊላህ፣ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ የምጽፈው የለኝም።

ድሮ ደብዳቤ ስልክልሽ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር ጮክ ብሎ የሚያነብልሽ። ስለዚህ የምጽፈው ሁሉ ለእሱ ጆሮ እንዲሆን አድርጌ ነበር። አሁን የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬትሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለሻል፤ ጣትሽን ከፊደሉ ስር እያስኬድሽ ራስሽ ታነቢያለሽ። ይህንን ለማንም አትስጪ። ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ፤ ወደ መጨረሻው አትዝለይ። ነገሩን በተራው ካልነገርኩሽ ምንም መናገር አልችልም።

ከመስከረም ልጀምር።

በመስከረም ወንድሜን ቲጃኒን ልትጠይቂ መጥተሽ እኔ ቤት ሁለት ሌሊት አደርሽ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውኃ አሙቀሽ፣ ዛሬስ ልጄን እኔ ነኝ የማጥበው አልሽ። እኔ ወደ ሥራ ልሄድ ነጭ ጋዋኔን እየለበስኩ ነበር። እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥተሽ ጭንሽ ላይ አስቀመጥሽው። ውስጥ እግሩን በእጅሽ ስታሺው እግሩ ድንገት ተሰበሰበ፤ ከእጅሽ አምልጦ ወደ ላይ ታጠፈ። አንቺ ውኃውን ደፍተሽ ተነሣሽና እልል አልሽ። ጎረቤቴ ዙቤይዳ እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እንኳ ሳታጥብ እየሮጠች መጣች። ቲጃኒ እግሩን አላየም፤ የሚያየው የአንቺን ፊት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የጋዋኔን ቁልፎች ቆለፍኩ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አንቺ ግን አላህ ሰማኝ እያልሽ ታለቅሺ ነበር፤ አፌ አልታዘዘኝም። ሥራ ረፍዶብኛል ብዬ ወጣሁ። አልረፈደብኝም ነበር።

አሁን ልንገርሽ። ጤና ረዳት ሆኜ ስማር በዚህ ትምህርት ከክፍላችን አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አሳስቼ አልነግርሽም።

ሰው ገላውን የሚያዝዘው በአንጎሉ ነው። ከአንጎል ነጭ ገመድ የመሰለ ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ ውፍረቱ ከትንሿ ጣትሽ አይበልጥም። የጀርባ አጥንት ውስጥ ውስጡን ስለሚሄድ አጥንቱ እንደ ቤት ይጠብቀዋል። ህብለ ሰረሰር ይሉታል። ከእሱ በግራና በቀኝ ነርቮች ይወጣሉ፤ እየተከፋፈሉ፣ እየቀጠኑ እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳሉ። አንዳንዶቹ ወሬ ወደ ላይ ይወስዳሉ፦ ሞቀኝ፣ በረደኝ፣ ወጋኝ፣ ሰው ነካኝ። ሌሎቹ ትእዛዝ ወደ ታች ያመጣሉ፦ ተነሥ፣ ያዝ፣ እርገጥ። አንቺ ጅማቱ ዞሮበት ነው ብለሽ ወጌሻ ልታመጪለት ነበር። ጅማቱ ደህና ነው። አጥንቱም ድኗል። የተቆረጠው ገመዱ ነው። ግንባር ላይ የመታው የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ የገባው ከእምብርቱ ትይዩ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው ወሬም ወደ ላይ አያልፍም፣ ትእዛዝም ወደ ታች አይወርድም። ገመዱ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ አይገጥምም። ይህንን እኔ ብቻ ሳልሆን የአዲስ አበባዎቹም ሐኪሞች ጽፈው ነው የላኩት።

እግሩ ታዲያ ለምን ተንቀሳቀሰ ትይኛለሽ። እሳት ሲነካሽ እጅሽን የምትሰበስቢው መቃጠልሽን ከማወቅሽ በፊት ነው። ወሬው ጀርባ ድረስ ሄዶ፣ አንጎል ሳይሰማ፣ ትእዛዙ ከዚያው ይመለሳል። እንዲህ የሆነው ሰው እስኪያስብ ድረስ እንዳይጎዳ ነው። የቲጃኒም ገመድ ከተቆረጠው በታች ሕያው ነው። ውስጥ እግሩን ስትነኪው ወሬው ወገቡ ድረስ ሄደ፤ ከዚያው ትእዛዝ ተመለሰ፤ እግሩ ተሰበሰበ። ወደ ላይ ግን ምንም አላለፈም። እሱ እግሩ መንቀሳቀሱን ያወቀው ከእልልታሽ ነው።

እኔ ደብተሬን አምጥቼ ይህንን ሳስረዳው ከክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ፈጥኖ ነው የገባው። ሰሜን ግንባር የመገናኛ ወታደር ነበር፤ ነግሮሽ ይሆናል። የስልክ ሽቦ ጥቅልል በጀርባው ተሸክሞ ከአዛዡ ጉድጓድ እስከ ፊተኛው ምሽግ የሚዘረጋው እሱ ነበር። የቆሰለውም የተበጠሰ ሽቦ ሊቀጥል በሆዱ እየተሳበ ሳለ ነው። እኛ ሽቦ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ልጠን እንቋጥረዋለን፣ ይሄስ አይቋጠርም? አለኝ። አይቋጠርም አልኩት። ታዲያ ፊተኛው ምሽግ ያሉት ልጆች አልሞቱም፤ ትእዛዝ ነው የማይደርሳቸው አለ። ልብንስ ማን ነው የሚያዝዘው ብሎ ጠየቀኝ። ልብ በራሱ ይመታል፤ ፍጠን፣ ቀስ በል የሚለው ነርቭ ደግሞ ከላይ በአንገት በኩል ይወርዳል፤ ስብራትህ ጋ አይደርስም አልኩት። እሱስ ጥሩ መስመር አለው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ እግሩ ጠይቆኝ አያውቅም።

አንቺ ግን ከዚህ እንደተመለስሽ በቀጥታ እጮኛው ዘይቡ ቤት ሄድሽ። ልጄ እግሩ ተንቀሳቅሷል፣ ቡናው ሲገባ ሠርጉ ይሆናል ብለሽ ለአባቷ ነገርሽ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ያጩለት ቲጃኒ ሳይዘምት ስለሆነ፣ በሰጡት ቃል ጸኑ። ለሙሽሮቹ የሚሆነውን ክፍል አስመረግሽ። ይህንን ሁሉ ከሸቤ ለገበያ የሚመጣ ሰው ይነግረናል። ቲጃኒ በሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

በጥቅምት መጨረሻ ዘይቡ መጥታ ነበር። ይህን አታውቂም። ጅማ መርካቶ ጨርቅ ልንገዛ ነው ብለው ከአክስቷ ጋር ከቤት ወጥተው ነው። አክስቷ ጎረቤቴ ዙቤይዳ ጋ ተቀመጡ፤ ዘይቡን በርጩማ ስቤ ከአልጋው ግርጌ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ሁለቱም አፈሩ። ከዚያ ቲጃኒ ምሽግ ውስጥ ስላሳደጓት ድመት ያወራላት ጀመር። ድመቷ ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ አትነቃም፤ የሥጋ ቆርቆሮ ሲከፈት ግን ከሦስተኛው ምሽግ ትመጣለች እያለ። ዘይቡ እያዳመጠች እጇን በብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር ያረፈው። ሳታስበው ይመስለኛል። እሱ ወሬውን ቀጠለ። ብርድ ልብሱ ተቆልሎ እጇን ከልሎበት ነበር። እሷ ፊቱን አየች፤ ጫን አደረገች። እሱ ስለ ድመቷ ይስቃል። አብራው ሳቀች። እጇን ግን እስክትሄድ ድረስ አላነሣችም፤ እሱም እስክትሄድ ድረስ አላወቀም።

ስሸኛት በሩ ላይ ቆመችና በኦሮምኛ፣ አይሰማውም አይደል? አለችኝ። አዎ አልኳት። ከእንግዲህም? አለችኝ። ከእንግዲህም አልኳት። ሻሿን አስተካክላ፣ እጄን እዚያ ማኖሬን እንዳትነግሪው አለችኝና አክስቷን ጠርታ ሄደች። አልነገርኩትም። እንግዲህ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ጥፋቱም የእኔ ነው።

ከዚያ በሳምንቱ ቲጃኒ ለአዮ ጻፊላት አለኝ። እግሬ እንደማይነሣ በግልጽ ጻፊላት፤ ዘይቡን ትልቀቅልኝ፤ አባቷን በቃል ያሰረቻቸው እናቴ ናት፣ ራሷ ሄዳ ትፍታቸው አለ። እሺ አልኩት። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። አንዱን ህብለ ሰረሰር የሚለው ቃል ላይ ደርሼ ቀደድኩት። ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር፣ ጻፍሽላት? ይለኛል። ነገ እለዋለሁ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ መሥሪያ ቤታችን ለቡና ለቀማ ዘመቻ ሰው እንዲያዋጣ ታዘዘና ስሜ ወጣ። አሥር ቀን ነው፤ ወደ አንድ የመንግሥት እርሻ። አልጋ ላይ የተኛ ወንድም አለኝ፣ እኔ ነኝ የማገላብጠው ብዬ ለካድሬው አመለከትኩ። አገሪቱም ታማ ነው የተነሣችው አለኝ። ተጨማሪ ቃል ብናገር ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ።

ለምን እንደማገላብጠው አንቺም ጠይቀሽኝ ነበር፤ ልጁን አታድክሚው ብለሽ ተቆጥተሽኛል። እኔና አንቺ ተኝተን እንኳ እንገላበጣለን። ጎናችን ሲጫነን፣ ደም አልደርስ ሲለው፣ ነርቩ ለአንጎል ይነግራል፤ አንጎል እኛን ሳይቀሰቅስ ዙሩ ይላል። የቲጃኒ ጎን የሚነግርበት መንገድ የለውም። ሰዓታት በአንድ ጎን ከተኛ ሥጋው ከውስጥ ይሞታል፤ እሱ አይሰማውም። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ሌላ ሰው ማገላበጥ አለበት። ለዙቤይዳ ትራሱን የት እንደምታደርግ፣ ወገቡን እንዴት እንደምታየው አሳይቻት ሄድኩ።

ዙቤይዳን እንዳትወቅሻት። በቀን ሦስት ጊዜ አብልታዋለች፤ ልብሱን አጥባለች። የከለከላት እሱ ነው። የሰው ሚስት እንዴት ገላዬን ታያለች ብሎ አፈረ። በክንዴ ራሴ ተገላብጫለሁ፣ ደህና ነኝ ይላታል። ባሏ ላግዝህ ሲለውም ያንኑ ይመልሳል። መዋሸቱም አልነበረም። አላመመውማ። ያላመመው ሰው ደህና ነኝ ቢል ምን ይፈረድበታል?

እኔ እዚያ ቀዩን ፍሬ ስለቅም ሰዓት እቆጥር ነበር። አሁን ሁለት ሰዓት፣ አሁን አራት፣ አሁን ስድስት። ቅርንጫፉ ላይ እጄ ይቆማል። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ? ትለኛለች። ማታ ስብሰባ ነበር፤ መፈክር ነበር። አጨበጨብኩ። አሥሩም ቀን አለቀ።

ተመልሼ በሩን ስከፍት ሽታው ነገረኝ። ቲጃኒ ሲያየኝ ደስ ብሎት፣ ቡና ለቃሚዋ መጣች፣ ጥቁር ሆነሻል አለኝ። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ገለበጥኩት። ከወገቡ በታች፣ ዳሌው መሀል ላይ፣ ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር። አጥንቱ ይታያል። ምን አለ? አለኝ። ትንሽ ተልጧል አልኩት። ታዲያ አያምም እኮ አለኝ። አዮ፣ ሕመም የሰው ጠባቂ ነው ብለው አስተምረውናል። እኔ ለፈተና ብዬ ነበር የያዝኩት።

በማግስቱ ሆስፒታል አስገባሁት። ዶክተር ዘለቀ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ቁስሉን አጠበው። ማደንዘዣ አላስፈለገውም። ቲጃኒ በሆዱ ተኝቶ፣ ሐኪሙ ከጀርባው እየቆረጠ፣ ሁለቱ ስለ ሸቤ ማር ያወሩ ነበር። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ። መርፌውንም፣ ግሉኮሱንም አላጓደልንበትም፤ ይህን በሙሉ ልቤ እነግርሻለሁ። ግን መርዙ ቀድሞ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመረው። ሲያንቀጠቅጠው ጥርሱ፣ እጁና ደረቱ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከእምብርቱ በታች ግን እግሮቹ ጸጥ ብለው ተኝተዋል። ሁለት ሰው አንድ አልጋ ላይ የተኛ ይመስል ነበር። ሰው ልልክብሽ አስቤ፣ ነገ ይበርድለታል፣ ከነገ ወዲያ ይበርድለታል እያልኩ ቀረሁ። ይህንንም ይቅር ካልሽኝ ይቅር በይኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልቡ ተመለሰ። ጻፍሽላት? አለኝ። ጻፍኩላት አልኩት። ዘይቡስ? አለኝ። ተለቃለች አልኩት። ዋሸሁት። እጄን በእጁ ያዘ፤ የእጁ መስመር ደህና ስለሆነ እኔ መሆኔን ያውቃል። በኦሮምኛ ጀባዱ አለኝ፣ በርቺ። ይህ ደብዳቤ ትናንት ጽፌዋለሁ ያልኩት ነው።

ዛሬ ከዙህር ሰላት በፊት ዶክተር ዘለቀ አልጋው አጠገብ ቆሞ ትንሽ ባትሪ ዓይኑ ላይ አበራ። ብርሃን ሲነካው የዓይን ብሌን መጥበብ አለበት፤ ይህም ሳናዝዘው የሚሆን ነው፤ ከአንጎል ስር ነው የሚታዘዘው። አንዱን አየ። ሌላውን አየ። ባትሪውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና በስሜ ጠራኝ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ሲስተር ነበር የሚለኝ።

ወደ ቤት መለስነው። ዙቤይዳ ሻይ ሰጠችኝ፤ ብርጭቆውን እጄ ለቀቀው። መቃጠሌን ያወቅኩት እሷ ስትጮህ ነው። አሁን ስጽፍ አየዋለሁ፣ ቀልቷል፤ ውኃ ቋጥሯል። አላለቀስኩም። ሰዎቹ አልቅሺ እያሉ ይመክሩኛል፤ እሺ እላቸዋለሁ። የዙቤይዳ ባል ከመርካቶ ነጭ አቡጀዲ ገዝቶ ገባ። የመስጊዱ ሸህ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥተው ውኃ ጠይቀው በሩን ዘጉ። እኔ ውጭ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ፀሐይ ገና አልገባችም፤ ግን ዛሬ የሚሄድ መኪና አላገኘንም።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ይህንን ወረቀት የሚሰጥሽ አጎቴ ሙሐመድሳኒ ነው፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቀድሞን ይደርሳል። አንብበሽ እስክትጨርሺ ደጅ እንዲቆይ አስምዬዋለሁ። ከእሱ ጋር የቆሙ ሽማግሌዎች አሉ። በጠዋት ምን አመጣችሁ አትበያቸው፤ አስገቢያቸው፤ የሚሉሽንም ቁጭ ብለሽ ስሚ። ዘይቡንና አባቷን አስጠርተሽ፣ ቲጃኒ ነፃ አውጥቷችኋል በያቸው። ቃሉ የእሱ ነው፤ ራሴ ሰምቻለሁ።

እኛ ከእነሱ በኋላ እንደርሳለን። ፈለቀ የሚባል የቡና መኪና ሾፌር ነገ ባዶውን ወደ እናንተ ስለሚመለስ እኔ አደርሳችኋለሁ ብሏል። ጭነቱ ላይ ሣር አንጥፎልናል። ቅድም መንገዱን እያሰብኩ ወደ እሱ ሄድኩና፣ ድንጋያማው ቦታ ጋ ስትደርስ እባክህ ቀስ በል፣ ጀርባው ቁስል ነው፣ እንዳያንገጫግጨው አልኩት። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ አየኝ። አላረመኝም። እሺ እህቴ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው አለኝ።

አላህ ለአንቺ ሰብሩን ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያቆይልሽ፣ ቤትሽን ከሰው አያጉድልብሽ። ለእኔም ዱዓ አድርጊልኝ።

ልጅሽ